በልደታ ዕለት ያለ ፍሬን

ይህ የደረሰብኝ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ነው። ሰው የራሱን ነገር ሲያወራ ማጋነን ይወዳል፤ እኔ ግን ባሳንሰው በወደድኩ ነበር፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ከላይ እስከ ታች የእኔ ነው። ዛሬም ድረስ ነጠላ የለበሱ እናት መንገድ ሲሻገሩ ባየሁ ቁጥር ቆሜ አሳልፋቸዋለሁ። ወዲያው ደግሞ ተመስገን እላለሁ።

የምኖረው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ ነው። የታክሲ ሰልፍ ሲያንገሸግሸኝ አንዲት ርካሽ ሳይክል ገዛሁ። "ፊክስድ" የሚሏት ዓይነት ናት። ለማያውቃት ልንገር፦ ፔዳሏና የኋላ ጎማዋ የተሳሰሩ ናቸው። ጎማው ከዞረ ፔዳሉም ይዞራል፤ እግር አሳርፎ መንሸራተት የሚባል ነገር የለም። ፍጥነት መቀነስ ሲፈለግ ፔዳሉን በእግር ወደ ኋላ መግፋት ነው። ከዚያ ሌላ ከፊት አንድ የእጅ ፍሬን ነበራት።

ሳይክሏ ምንም አልጎደላትም ነበር። እኔ ግን ያለኝን ነገር ሳልነካካ መተው አልችልም። ወንድሜ "አንቺ እኮ የሚሠራ ነገር ካላበላሸሽ እንቅልፍ አይወስድሽም" ይለኛል። እውነቱን ነው። መጀመሪያ ጎማዎቹን ቀየርኩ፣ ቀጥሎ ፔዳሎቹን፣ ከዚያ ኮርቻውን። የግቢው ሰው አማረባት ሲለኝ ልቤ አበጠ። በመጨረሻ መሪዋንና የኋላ ጥርሷን፣ ማለትም ካቴናው የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ብረት፣ ለመቀየር ተነሳሁ።

ሳይክል ሠሪ ጋ ውሰጃት ብባል አሻፈረኝ አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ካርቶን አንጥፌ፣ ስልኬን ጡብ ላይ አስደግፌ ቪዲዮ እያየሁ መፍታት ጀመርኩ። ጎረቤት ሁሉ ምክር አዋጣ። አንዱ ዘይት አድርጊበት ይላል፣ ሌላው መዶሻ ይዞ ይመጣል። አሮጌው ጥርስ በመዶሻ ነው የወጣው። ከላዩ የነበረችው ቀጭን ማሰሪያ ቀለበት በየት በኩል ዞራ እንደተፈታች እንኳ አላየሁም።

አዲሱን ጥርስ ካስገባሁ በኋላ ቀለበቷን ልመልሳት ስል እምቢ አለችኝ። ወደ ቀኝ ባዞራት ባዞራት አትይዝም። ብሎን ደግሞ ወደ ቀኝ ነው የሚጠብቀው፤ ሠላሳ ዓመት ስኖር ሌላ ዓይነት አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ይቺ የአሮጌው ጥርስ ናት፣ ለአዲሱ አትሆንም ብዬ ፈረድኩ።

ወንድሜ ቀለበቷን ከካርቶኑ ላይ አንስቶ ይቺስ አለኝ። ተርፋ ነው አልኩት።

"ከሳይክል ደግሞ ምን ይተርፋል?"

አርፈህ ተቀመጥ ብዬ አባረርኩት። እልህ ይዞኝ ነበር፤ ያን ሁሉ ጎረቤት ሰብስቤ አልቻልኩም ማለት ሞት መሰለኝ።

የእጅ ፍሬኑም አዲሱን መሪ አልገጥም አለ። መያዣው ጠበበው። ሌላ እስካገኝ ድረስ ብዬ አወለቅሁት። ፔዳሉ አለ አይደል፣ በእሱ እይዛታለሁ አልኩ። እሑድ ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ዙር ዞርኩባት፤ ምንም አላለችም።

ሰኞ የዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ጠዋት ተነስቼ ሰንጋ ተራ ወደምትኖር ጓደኛዬ ሄድኩ። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም፤ ሳይክሌን ላሳያት ነው። አሳየኋት፣ አደነቀችልኝ፣ ተመለስኩ። ስሄድ ወደ ላይ ስለሆነ ከመርገጥ በቀር ሥራ አልነበረኝም። ስመለስ ግን መንገዱ ያዘነብላል። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ቁልቁለት አይባልም፤ በሳይክል ላይ ላለ ግን ቁልቁለት ነው።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። ዕለቱ የወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ ልደታ ነው። ልደታ ሠፈር እየኖርኩ ልደታን ረሳሁ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን መንገዱ በምእመናን እንደሚሞላ የሠፈሩ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። አዲሱ የብስክሌት መስመር ጧፍ በሚሸጡና ከቤተ ክርስቲያን በሚመለሱ ሰዎች ተይዟል። በእሱ መሄድ ስላልቻልኩ ወደ መኪናው መንገድ ወረድኩ። ፍጥነቴን ልቀንስ ብዬ ፔዳሉን ወደ ኋላ ገፋሁ።

እግሬ ወደ ኋላ ዞረ፣ ሳይክሏ ግን አልቀነሰችም። ደግሜ ገፋሁ። ፔዳሉ ባዶውን ተሽከረከረ። ጥርሱ ተፈትቶ እንደወጣ ገባኝ። እጄ ፍሬኑን ፈለገ፤ ፍሬን የለም። ፊት ለፊቴ ዜብራው ላይ አንዲት አሮጊት እናት ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው፣ አንገታቸውን ደፍተው እየተሻገሩ ነው። በግራዬ መኪና፣ በቀኜ ሕዝብ። "እማማ!" ብዬ ጮህኩ። አልሰሙኝም። ልገድላቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ከጎኔ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ይሄድ ነበር። ረዳቱ ፂሙ የሸበተ ትልቅ ሰው ነው፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ተሳፋሪ ይጠራል። ባዶውን የሚሽከረከረውን እግሬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ መጥራቱን አቆመ።

"ፍሬን የለሽም?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"እንዳትዘዪ። ጫማሽን የኋላ ጎማ ላይ አሳርፊና ተጫኚው። ቀስ ብለሽ።"

ሂሳብ ሲቀበል በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገረው። ያ እርጋታው ነው ያተረፈኝ። እሱ እያናገረኝ ሾፌሩ ክላክሱን ይዞ አለቀቀም፤ ሕዝቡ ግራ ቀኝ ገለል አለ። እማማ ብቻ እዚያው ናቸው።

ቀኝ እግሬን ወደ ኋላ ላክሁት። መጀመሪያ ጎማው አሽቀነጠረው። ደግሜ አሳረፍኩና ባለኝ ኃይል ተጫንኩ። የጫማዬ ሶል ሲቃጠል ሸተተኝ፣ ሳይክሏ ተንገጫገጨች፣ ቀነሰች፣ ቆመች። በእኔና በእማማ መካከል የቀረው ሁለት እርምጃ ነበር።

ታክሲው አጠገቤ ቀዝቀዝ አለ። ረዳቱ ልጅ ሆነሽ የኪራይ ሳይክል አልነዳሽም እንዴ አለኝ። አልነዳሁም። በሠፈራችን ሳይክል የሚከራዩት ወንዶቹ ናቸው። እነዚያ ሳይክሎች ፍሬን ኖሯቸው ስለማያውቅ ወንዶቹ በጫማቸው ነበር የሚያቆሟቸው፤ እኛ ሴቶቹ ቆመን እናያለን። ይህን ሁሉ ልነግረው ይቅርና አመሰግናለሁ እንኳ ሳልለው "በይ በእግርሽ ግቢ" አለኝና ወደ ጥሪው ተመለሰ። ታክሲው ሄደ።

እማማ ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላወቁም። ጆሯቸው ደከም ያለ ነው መሰለኝ፣ ክላክሱንም የሰሙት አይመስሉም።

"ልጄ፣ እስቲ አሻግሪኝ። መኪናው አላሳልፍ አለኝ" አሉኝ።

በአንድ እጄ ሳይክሏን፣ በሌላው እሳቸውን ይዤ ተሻገርን። ማዶ ስንደርስ እጄን አልለቀቁትም። ለምን ትንቀጠቀጫለሽ፣ ቁርስ አልበላሽም እንዴ ብለው ተቆጡኝ። ከዘንቢላቸው ዳቦ አውጥተው ቆረሱልኝ። "ብዪ፣ ጸበል ጸዲቅ ነው" አሉኝ። ቆሜ በላሁ። እየበላሁ አለቀስኩ። ችግር ያለብኝ መስሏቸው ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ ከክፉ ነገር ይሰውርሽ ሲሉ አሜን ማለት አቃተኝ። እውነቱን መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳቸውም።

ሳይክሏን እየገፋሁ ቤት ገባሁ። በማግስቱ ሳይክል ሠሪው ያቺን ቀለበት ሲያያት ሳቀ። ወደ ግራ ነው የምትጠብቀው። ሆን ተብላ እንደዚያ የተሠራች ናት፤ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲገፋ ጥርሱ እንዳይፈታ የምትይዘው እሷ ናት። አሰረልኝ፤ የእጅ ፍሬንም ከፊትም ከኋላም አስገጠምኩ። ወንድሜ ወሬውን ሲሰማ ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ ማታ ሳልጠይቀው ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ።

ያንን ረዳት ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ደጋግሜ ፈልጌው አጣሁት። ይህን ካነበበ ምስጋናዬ ይድረሰው።

እማማን ግን አልፈለግኋቸውም። ስማቸውንም አልጠየቅኋቸውም። ያኔ ሳይክሏ ባትቆም ኖሮ ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ፖሊስ ጣቢያ ነበር የምሰማው፤ ዕድሜ ልኬንም ከጆሮዬ አይጠፋም ነበር። ዛሬ ማን እንደሚባሉ አላውቅም። ባለማወቄ ደስ ይለኛል።