ዳማና የበሩ ማጠፊያ

ጋሽ ውሃልክ ይሏቸዋል፤ ዕድሜያቸውን በአናጢነት የገፉ ሰው ናቸው። ጠማማ ነገር አይወዱም። ሰው ቤት ተጋብዘው እንኳ ጠረጴዛው ከተነቃነቀ ወረቀት አጣጥፈው እግሩ ሥር ሳይወትፉ እህል አይቀምሱም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሴት ልጃቸውና ከሕፃን የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አራተኛው ቤተሰብ ዳማ ነው፤ ያረጀ ቀይ ውሻ።

ዳማ በደህናው ጊዜ የእንጨት ሥራ ቤቱ አለቃ ነበር፤ ደንበኛውን ሁሉ በኮቴው ይለይ ነበር። አሁን ጆሮው ደንዝዟል፤ ዓይኑ ደፍርሷል፤ ከሁሉ የከፋው ግን አእምሮው ከድቶታል። ጠረጴዛ ሥር ይገባና መውጫው ይጠፋበታል። አንዳንዴ ጌታውን እንደ ባዕድ ያጉረመርምባቸዋል። ሽንቱንም መቋጠር አቅቶታል። ጋሽ ውሃልክ ከሥራ ቦታቸው ሰጋቱራ በከረጢት እያመጡ ይነሰንሱበታል፤ ሰጋቱራው ሽንቱን ሲመጥ ይጠርጉታል፤ ወለሉን በሳሙና ያሹታል። ቀና ሲሉ ሌላው ጥግ ረጥቦ ይጠብቃቸዋል።

«አባዬ፣ እኔም እኮ እወደዋለሁ» አለች ልጃቸው አንድ ጠዋት፣ የሕፃኗን እጅ እየፈተገች ስታጥብ። ሕፃኗ መዳህ ከጀመረች ገና ነው፤ እየዳኸች እርጥቡ ላይ ደርሳ እጇን አፏ ውስጥ ከትታ ነበር። «ግን እያየኸው ነው። ከእንግዲህ አንዴ ቤት ውስጥ ከሸና ለእንስሳት ሐኪሙ እደውላለሁ። ወግቶ ያሳርፈው።»

«እኔም የሸናሁ ቀን ታስወጊኛለሽ?»

«አንተ ሱሪ ታጥቀሃል» አለች። ሳቋ መጣና ሳያልቅ ዓይኗ ዕንባ ሞላ።

ያን ቀን ጋሽ ውሃልክ ሥራ አልሄዱም። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ውሻውን ሲጠብቁ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ዳማ ተነሳና ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ነገር ግን እጀታው ባለበት በኩል አልቆመም። ማጠፊያው ባለበት በኩል አፍንጫውን ስንጥቁ ላይ ለጥፎ፣ በዚያ እንዲከፈትለት ጠበቀ። አቃሰተ። እግሮቹ ተንቀጠቀጡ። ተሸክመው አወጡት፤ ለጥቂት ደረሱ።

«አንቺ! ይሄ ውሻ መውጣት ይፈልጋል!» ብለው ጮኹ። «መውጫው ነው የጠፋበት። እሱ ወደ እጀታው ካልሄደ እጀታው ወደ እሱ ይሄዳል።»

መዝጊያውን አወረዱት። ማጠፊያዎቹን ነቀሉና በማዶኛው መቃን ላይ በመሮ ፈልፍለው ቀበሯቸው። እጀታውን አዛወሩ፤ የቀድሞውን ቀዳዳ በእንጨት ደፈኑ። በሩ ዳማ በሚቆምበት በኩል ተከፈተ።

«እንግዲህ በስተርጅና የውሻ በረኛ ሆነህ አረፍከው» ብላ አሾፈች ልጃቸው።

ማምሻውን ዳማ ሄዶ ቆመ፤ ተከፈተለት፤ ወጣ፤ ግቢው ውስጥ ሸና። ሽማግሌው አጨበጨቡ።

ጥቂት ቀናት በደህና አለፉ። ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ ዳማ ተነሳና ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው የሚገናኝበት ጥግ ሄዶ አፍንጫውን ለጠፈ። እዚያ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ፣ በር እንዲከፈትለት ጠበቀ። «በዚህ ነው ዳማ! በዚህ!» እያሉ ሳይደርሱበት ወለሉ ረጠበ።

ልጃቸው ከጓዳ ስትወጣ አባቷ ቁም ሳጥኑን ገፍተው፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው ግድግዳው ላይ ሲያሰምሩ አገኘቻቸው።

«አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«በር ላወጣለት።»

«ከዚያ ወዲያ እኮ የጎረቤት መኝታ ቤት ነው።»

ያሰመሩትን አዩት። መስመሩ ጠማማ ነበር። ከርጥቡ ወለል ላይ፣ ከውሻው አጠገብ ቁጭ አሉ።

«ነገ ደግሞ ሌላ ጥግ ይሄዳል» አሉ። «ደውይለት። ብቻ እዚሁ መጥቶ ይውጋው፤ ዳማ መኪና ይፈራል።»

ሐኪሙ በሩን ሲያንኳኳ ሊከፍቱ ተነሱ። እጃቸው እጀታውን በድሮ ቦታው ፈለገ። ማጠፊያውን ዳበሰ፤ ራሳቸው የደፈኑትን ቀዳዳ ዳበሰ። ሐኪሙ እንደገና አንኳኳ።

«አባዬ» አለች ልጃቸው ከኋላቸው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ተዪኝ፣ አገኘዋለሁ።»

ዳማ ግን ተነስቶ መጥቶ ነበር። በዚያኛው በኩል፣ እጀታው ሥር፣ በትክክለኛው ቦታ ቆሞ እንዲከፍቱለት ይጠብቃል።