ሀፍረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ ሰበታ፣ የክር ፋብሪካ ስሠራ። ፈረንጁ ሥራ አስኪያጅ የማታ ትምህርት ከፈተልን። መጀመሪያ አማርኛ፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛ። እንግሊዝኛውን የተወ ከአማርኛውም ይሰረዛል። ለምን? የጠየቀ የለም።

አጠገቤ የሚቀመጡት የፋብሪካው ዘበኛ ነበሩ፤ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ። የመጡት ስማቸውን መጻፍ ሊማሩ ብቻ ነው። ሱሉልታ የግጦሽ መሬት ነበራቸው። አንድ ባላባት «የግብር ነው» ብሎ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ አስጫናቸው፤ መሬቱ ሄደ።

አስተማሪያችን ጎረምሳ ነው። ሽማግሌውን «አንተ» ይላቸዋል። አንድ ምሽት ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፈ፤ ኢምባራስድ፣ አሼምድ። «ሁለት አር! ሁለት ኤስ!» እያለ ሰሌዳውን ይደበድባል። ሁለቱም ሀፍረት ናቸው፤ አንደኛው ሱሪህ ሲቀደድ ነው፣ ሁለተኛው የባሰ ነገር ሲደርስ ነው አለን። ከዚያ «በየተራ ያሳፈራችሁን ነገር በእንግሊዝኛ ተናገሩ!» አለ።

ሁሉም ዋሸ። አንዱ እግሬ ሸተተ አለ፤ ሳቅን። ኦቦ ግን መዋሸት አይችሉበትም። አውራ ጣታቸውን አንስተው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ መሬቱን ተናገሩ። «አይ አም ኢምባራስድ» ብለው ጨረሱ።

«ስህተት! ይሄ አሼምድ ነው። ድገም!»

ደገሙ።

«በሙሉ ዓረፍተ ነገር! ከመሬቱ ጀምር!»

እንደገና ጀመሩ። ከኋላ የሚስቅ አለ። መሬቱን የነጠቀው ሰውዬስ የትኛው ቃል ነው የሚገባው? እሱን ማንም ተነስ፣ ድገም አላለውም።

ተነሣሁ። «መምህር፣ ያንተስ ሀፍረት ምንድን ነው? በሙሉ ዓረፍተ ነገር ንገረና!»

«ውጣ! እንዳትመለስ!»

ወጣሁ። የቀረኝን ፊደል ኋላ ቡራዩ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ነው የጨረስኩት።

በማግስቱ ማታ ኦቦን የክፍሉ በር ላይ አገኘኋቸው። ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር።

«ማን ላከህ?» አሉኝ። «ስሜን ለመጨረስ ትንሽ ነው የቀረኝ። እኔንም ልታስባርረኝ ነው?»

«አንቱን እያዋረደ ዝም ልበል?»

«ያዋርደኝ! ይሄን ጣት ግን ዳግመኛ ቀለም አያስነክሩትም» ብለው ገቡ።

መስኮቱ ሥር ቆሜ ሰማሁ። መምህሩ ደግሞ አስነሥቷቸዋል። ከመሬቱ ጀምረው እስከ መጨረሻው ሳይሳሳቱ አሉት። አሼምድ።

«ጎበዝ!» አላቸው ልጁ። «አየህ፣ ስትፈልግ ትችላለህ።»