ዳኛው በሶማሊኛ የጠየቁኝ ቀን

ልጅ እያለሁ ከበራችን ወዲህ አማርኛ፣ ከበራችን ወዲያ ሶማሊኛ ነበር የምናገረው። ጅጅጋ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምራችሁም፤ መንገድ ላይ ስትሯሯጡ አንድ ቀን አፋችሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሆዳን እኩያዬ ነበረች። እናቷ የግመል ወተት ስለምትሸጥ ሆዳን ሁልጊዜ የታጠነ የወተት ዕቃ ትሸት ነበር፤ እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲያጋጥመኝ ሰኞ ማክሰኞ ዝለይ ዝለይ ይለኛል። ጨዋታችን የራሱ ሕግ ነበረው። "ወላሂ" ብሎ ምሎ የዋሸ ልጅ ለሳምንት ከጨዋታ ይባረራል። እኔ "ማርያምን" እየተባለ በሚማልበት ቤት ያደግሁት፣ መንገድ ላይ ከሆዳን የበለጥኩ ወላሂ ባይ ነበርኩ።

አባቴ የጅጅጋ ልጅ ነው። አያቱ በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል። እማዬን ከናዝሬት አግብቶ ነው ያመጣት፤ ልብስ ትሰፋ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቺን ለመጻፍም ይቀለኝ ነበር። ምሳውን ከበላ በኋላ ግን ጫቱን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ለቤቱ የለም። እማዬ እዚያ ዘመድ የላትም፣ ሶማሊኛዋ ከ"ስንት ነው" እና ከ"ቀንስ" አያልፍም። ካራማራ ላይ ደመና ሲቀመጥ እያየች "ከዚያ ማዶ እኮ አገር አለ" ትለኝ ነበር። ያኔ ስለ ዝናቡ የምታወራ ይመስለኝ ነበር።

ጭቅጭቁ እየከረረ ሄዶ አንድ ቀን አባቴ ፔርሙዙን ከግድግዳ ጋር አላተመው። ሽማግሌዎች ተላኩ። ሦስት እሑድ ተመላለሱ፤ "ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል" እያሉ የእማዬን ሻይ ጠጡ። ሻዩ አለቀ እንጂ ነገሩ አላለቀም። ፍቺውን ሁለቱም ተስማሙበት፣ ዕቃውንም ያለ ጠብ ተካፈሉ። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። እማዬ ይዛኝ ናዝሬት፣ እናቷ ዘንድ መግባት ፈለገች። አባቴ ደግሞ "አንቺ ሂጂ፣ ልጄ ግን ከዚህ አገር አትወጣም" አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ።

የፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ታይፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ሰውዬ ነበር። እማዬ እያለቀሰች ስትነግረው እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ጽፎ ጽፎ ቆመና "አባትየው ልጅቱን ይመታታል?" ብሎ ጠየቃት። እማዬ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። "እንግዲህ ልጅቱን ያን ያህል አርቆ ለመውሰድ ምክንያት ያስፈልጋል። ልጅቷ እራሷ እፈራዋለሁ ካለች ያልቃል" አላትና መልስ ሳይጠብቅ መጻፉን ቀጠለ። እማዬም አልከለከለችውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እማዬ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ታስጠናኝ ጀመር።

"አባትሽ ምን ያደርግሻል?"

"በቀበቶ ይመታኛል።"

"ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?"

"ከእማዬ ጋር። አባቴን እፈራዋለሁ።"

አባቴ በቀበቶ ነክቶኝ አያውቅም። እማዬም ይህን ታውቃለች። ስትጠይቀኝ ዓይኔን አታየኝም ነበር፤ ከመርፌው ላይ ዓይኗን አታነሳም። እኔ ግን ውሸት መሆኑ እምብዛም አላስጨነቀኝም። የሚያስፈራኝ ብሳሳት ከእማዬ እንዳልነጠል ነበር። መንገድ ላይ ስሄድ ሁሉ በልቤ እደግመው ነበር፤ አንድም ቃል አያመልጠኝም።

ቀኑ ሲደርስ እማዬ ጠጉሬን ሠርታ፣ ራሷ የሰፋችልኝን ሰማያዊ ቀሚስ አለበሰችኝ። አባቴ ከአግዳሚው ወንበር ወዲያኛው ጫፍ ተቀምጦ ነበር፤ ጺሙን ተላጭቷል። ችሎቱ በሶማሊኛ ነው፣ ለእማዬ የሚያስተረጉም ሰው ቆሟል። ዳኛው ጺማቸውን በሂና ያቀሉ አዛውንት ናቸው። ወደ ፊት ስጠራ እንደ ለመድኩት፣ ለሆዳን አባት እንደማደርገው፣ በሶማሊኛ ሰላም አልኳቸው። ገርሟቸው ፈገግ አሉ። አስተርጓሚውን በእጃቸው ገታ አድርገው እሳቸውም በሶማሊኛ ያወሩኝ ጀመር። ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። ማመልከቻ ጸሐፊውም፣ እማዬም፣ እኔም።

ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ከማን ጋር እንደምጫወት ጠየቁኝ። ስለ ሆዳን ነገርኳቸው። ከዚያ፣ ያንኑ ጨዋታ እንደሚቀጥል ሰው፣ "አባትሽ ይመታሻል?" አሉኝ።

ያጠናሁት ሁሉ በአማርኛ ነው። በሶማሊኛ ምንም ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም፤ በሶማሊኛ የነበረኝ የመንገዱ ቋንቋ፣ የሆዳን ቋንቋ ብቻ ነው። አፌ ሮጠ። "አይመታኝም፣ ወላሂ" አልኩ። ችሎቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሳቁ፤ አንገቷ ላይ መስቀል ያንጠለጠለች ልጅ ናት እንዲህ የምትምለው። መሳቃቸው ደስ አለኝ። ዳኛው ግን አልሳቁም። "ታዲያ እዚህ ወረቀት ላይ ይመታታል የሚለው ለምንድን ነው?" አሉኝ።

"እናቴ ናዝሬት መሄድ ስለፈለገች ነው። እንደዚያ በይ ብላ አስጠናችኝ" አልኳቸው።

አባቴ ሶማሊኛ ስለሚያውቅ ወዲያው ገባው፤ አንገቱን ደፋ። እማዬ አልገባትም። ሰው ስለሳቀ ጥሩ የመለስኩ መስሏት ፈገግ ብላ እያየችኝ ነበር። ያን ፈገግታ እንዴት ልርሳው? አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገና፣ እንደ ሰነድ በሚያነብ ድምፅ፣ የተናገርኩትን አንድ በአንድ በአማርኛ ነገራት። ያደረግሁት ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ንግግሬ በቤታችን ቋንቋ ተመልሶ ሲመጣ፣ በእማዬ ፊት ሲነገር። ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ፤ ማንም ግን አላየኝም።

ዳኛው እናቴን አልቀጧትም። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኑር፣ አባት እሑድ እሑድ ይውሰዳት፣ ያለ አባቷ ፈቃድ ግን ከጅጅጋ ውጭ ኑሮ አትመሥርት አሉ። እማዬ ወደ ቤት ስንመለስ እንደ ወትሮው እጄን ያዘችኝ። "እርቦሻል አይደል?" ብቻ አለችኝ። አንድ ቁጣ፣ አንድ ቁንጥጫ እንኳ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

እማዬ ልጇን ትታ የምትሄድ ሴት አልነበረችም። ዘጠኝ ዓመት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ፣ ያ የማትወደው ንፋስና አቧራ የሚገባበትን ቀዳዳ በጨርቅ ቁራጭ እየወተፈች ጅጅጋ ተቀመጠች። አያቴ ናዝሬት የሞተች ጊዜ ጉዞው ያኔ አሰበ ተፈሪ ከተማ አንድ ሌሊት እየታደረ ነበርና እማዬ ቀብሯ ላይ አልደረሰችም። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷን ማየት አቃተኝ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ሲባል ስሰማ ዛሬም ይከነክነኛል። የእኔ እውነት ሲጠራ የታየው የእናቴ ዘጠኝ ዓመት ነው።

አባቴ በበኩሉ አንድም እሑድ አላጎደለብኝም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ሳምቡሳ ይገዛልኛል፣ ሱቁ ወስዶ የተበላሸ ሬዲዮ ያስፈታኛል። እሑድ ጫት አይነካም ነበር። ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ሥራ ይዤ፣ ራሴ ወልጄ፣ ሠላሳ ልደፍን ስል ነው አንድ ነገር የበራልኝ። ዳኛው "ያለ አባቷ ፈቃድ" ነበር ያሉት። አባቴ አንድ ቀን "ሂዱ" ቢል ያ ሁሉ ያልቅ ነበር። እኔ ምላሴን ስረግም ስኖር እሱን የጠየቀው ሰው የለም። በጣም ተናደድኩ። ባለፈው ዓመት ጅጅጋ ሄጄ፣ ሽበት ወሮት፣ መነጽሩን በክር አስሮ፣ ሞባይል ሲጠግን አገኘሁትና ሳልቀመጥ ጠየቅሁት፤ "ለምንድን ነው ሂዱ ያላልከን?"

መፍቻውን አስቀመጠ። "እሑድን ከማን ጋር ልዋል ብዬ ነዋ" አለኝ።

አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። ከጅጅጋ ናዝሬት በማለዳ የተነሳ ሰው ሲመሽ ይገባል፤ ልጅ ከእናቷ ጉያ ሆና በስልክ ከአባቷ ጋር እንደ ልቧ ትሳሳቃለች። ልጆችንም ችሎት ፊት ሳያቆሙ፣ መጫወቻ ባለበት ክፍል ለብቻቸው ያነጋግሯቸዋል አሉ። ደግ አደረጉ። በእኛ ጊዜ ግን ያ ሁሉ አልነበረም፤ ለአንዱ እሑድን ለመስጠት ከሌላዋ ዘጠኝ ዓመት መውሰድ ነበረብን።

ከጅጅጋ ስመለስ፣ እኔ ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ ናዝሬት ለምትኖረው እማዬ አባቴ ያለውን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ትቆጣ ዘንድም ፈልጌ ነበር። የምታጥፈውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "አሁንስ እሑድ ከማን ጋር ይውላል?" አለችኝ።

"ብቻውን" አልኳት።