የፈረንጆቹ እድር

ገና ጎህ ሳይቀድ ይነፋ የነበረው የጥሩምባ ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም። ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት በኅዳር ወር፣ አቶ ወልደጻድቅ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ያንን የተጣመመ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ይነፉና «የሥላሴ እድርተኞች! የእገሌ ባለቤት አርፈዋልና ቀብር በስድስት ሰዓት! ቀሪ ይቀጣል!» እያሉ ሰፈሩን ያካልሉ ነበር። እኛ ልጆች ብርድ ልብሳችን ውስጥ ገብተን እንሸማቀቃለን። የእሳቸው ልጅ ወርቅውሃ ግን ትምህርት ቤት ስንገናኝ አንገቷን ቀና አድርጋ «አባቴ ሲነፋ ሰማችሁ?» ትለን ነበር። ጥሩምባው ከተነፋ ወዲያ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ውሃ ይቀዳል። ሟቹ በምን ታመመ፣ ሕመሙስ ከመቼ ጀመረው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

እሷንና እኔን ዕድሜ በስደት ሲያትል ከተማ ላይ መልሶ አገናኘን። እኔ ለሥራ ስባዝን፣ እሷ ከከተማው ወጣ ብሎ ማውንትሌክ ቴራስ በሚገኘው የኪራይ ቤቷ ዴይኬር፣ የሕፃናት መዋያ፣ ከፍታ የሰው ልጅ ታሳድግ ነበር። የራሷ ልጅ የላትም። የሟች እኅቷን ልጅ ናሁምን ግን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታዋለች፤ ሬድመንድ ካሉት የኮምፒውተር መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተቀጥሮ ነበር። ዴይኬሯ ውስጥ የሐበሻው፣ የሶማሌው፣ የፈረንጁ ልጅ ሁሉ «እቴቴ» ይላታል። ድምፅዋ የአባቷ ነው። «ልጆች! እጅ መታጠብ!» ስትል የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ከተኛበት ይነሳል።

የሚያሳስባት አንድ ነገር ነበር፤ የጤና ኢንሹራንስ የላትም። በዚያን ዘመን ለራሱ የሚሠራ ሰው፣ ዕድሜው ገፋ ካለ፣ ኩባንያዎቹ ወይ የማይቻል ዋጋ ይጠሩበታል፣ ወይ በሩን ይዘጉበታል። ናሁም የራሱ መድን ቢኖረውም አክስቱን ሊያስገባበት አልቻለም። በሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ አንድ ቀን ላፕቶፑን ይዞ መጣ።

«እቴቴ፣ አንድ ነገር አገኘሁልሽ። ክርስቲያኖች ናቸው። በየወሩ ያዋጣሉ፤ የታመመ ሲኖር ከመዋጮው ያሳክሙታል። ሶ፣ ኢንሹራንስ አይደለም፤ ራሳቸውም ደጋግመው ጽፈውታል፣ ‹እኛ ኢንሹራንስ አይደለንም› ይላሉ።»

ወርቅውሃ እጇን አጨበጨበች። «በል አትጨርሰው! እድር ነዋ! ፈረንጅም እድር አለው ለካ!»

እኔም እዚያው ነበርኩና አብሬ ሳቅሁ። «ኢንሹራንስ አይደለንም» የሚለውን ቃል እንደ ምስጋና ሰማነው። ማስጠንቀቂያ መሆኑ ለአንዳችንም አልታየንም።

መጠይቁ ሲሞላ ናሁም እያነበበ፣ እሷ እየመለሰች ነው።

«ሲጋራ ታጨሻለሽ?»

«ምን ዓይነት ባለጌ ጥያቄ ነው!»

«አልኮል ትጠጫለሽ?»

«ጠላም አልኮል ነው እንዴ?»

«ነው፣ እቴቴ።»

ትንሽ አሰበች። «ኦኬ፣ እንግዲያው ትታለች በልና ጻፍ። እድር የገባ ሰው ለደንቡ ያድራል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚካኤል ዝክር ስንሰበሰብ እሷ ብርዝ ይዛ ትቀመጥ ነበር። ከማኅበሩ ማንም አያያትም፣ ማንም አይከሳትም፤ ቃሏ ግን ቃል ነው።

ክርስቲያን መሆኗን የሚመሰክር የካህን ፊርማም ተጠየቀች። ቄሱ ወረቀቱን አገላብጠው «ልጄ፣ እነዚህ እኮ ከእኛ ወገን አይደሉም» ቢሏት፣ «አባ፣ ለታመመ ሰው የሚደርስ ሁሉ ወገን ነው» ብላ አስፈረመቻቸው።

የማኅበሩ ደንብ እንዲህ ነበር፤ በየወሩ መዋጮሽ ለማን እንደሚውል ስሙ ይደርስሻል፤ ጸልዪለት፣ ካርድም ላኪለት ይላል። ብዙው አባል ስሙን አይቶ ያልፋል መሰለኝ። ወርቅውሃ ግን ስሙን ከነአገሩ በቃሏ ትይዘዋለች። ካንሳስ ላለች የካንሰር ሕመምተኛ ሰግዳለች። ቴክሳስ ላለ ሕፃን ሻማ አብርታለች። ከዕለታት አንድ ቀን ደግሞ ያኪማ የሚኖር፣ ከጣሪያ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሽማግሌ ስም ደረሳት።

«ያኪማ የት ነው?» አለችው ናሁምን።

«ከተራራው ማዶ። ከሁለት ሰዓት በላይ ድራይቭ ነው።»

«ቅዳሜ እንሄዳለን።»

«እቴቴ፣ እንደዚህ አይደረግም። ካርድ ነው የሚላከው።»

«ወድቆ ተሰብሮ በካርድ? ነውር አታውቅም አንተ ልጅ?»

ዶሮውን አልጫ አድርጋ ሠራች፤ ፈረንጅ በርበሬ አይችልም ብላ ነው። ተራራውን ተሻግረው ሄዱ። ሰውየው በክራንች እየተንፏቀቀ በሩን ከፈተና ነጠላ የለበሰች ሴትና ድስት የተሸከመ ጎልማሳ ሲያይ «ምንም ነገር አልገዛም» አላቸው። ናሁም አስረዳው። ሰውየው ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በቁሙ አለቀሰ። ከማኅበሩ አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም ነበር። እሷ ደግፋ አልጋው ላይ አሳረፈችውና አጠገቡ ተቀምጣ «እግዜር ይማርህ» አለችው፤ እንደ ደንቡ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ተነሳች። ናሁም ይህንን እየሳቀ ነበር የሚያወራው። እኔም ስቄ ነበር። አሁን ሳስበው ያን ማኅበር ከልቧ ያመነችው እሷ ብቻ ትመስለኛለች።

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ፣ ፋሲካ በተፈታ ሰሞን፣ ሕመሙ ጣላት። ከቀኝ ጎኗ ተነስቶ ወደ ትከሻዋ የሚወጋ፣ ላብ በላብ የሚያደርግ ውጋት ነው። አንድ ሕፃን ታቅፋ ሳለ ያዛትና ሕፃኑን እንዳትጥለው ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ኖርዝጌት ያለ ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሟ የሐሞት ጠጠር ነው አለች፤ ከረጢቱ ካልወጣ ሊመረቅዝ ይችላል፣ ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ተባለ። ሆስፒታሉ ደግሞ ቀን ከመቁረጡ በፊት ማን እንደሚከፍል ይወቅ አለ።

«ማኅበር አለኝ!» አለች ወርቅውሃ፣ እንደዚያ ታማም ቀና ብላ።

ናሁም ለማኅበሩ ደወለ። አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት አነሳች። እንዴት ያለች መልካም ሴት! መጀመሪያ እንጸልይ አለች፤ ተጸለየ። ከዚያ «እኅታችን፣ እግዚአብሔር በሕይወትሽ የሠራውን ብታካፍዪን ደስ ይለናል» አለች። ወርቅውሃ እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቃ መቼ ዝም ትላለች? አገር ቤት ሳለች፣ በወጣትነቷ፣ ከጾም በኋላ ቅቤ ያለበት ምግብ በቀመሰች ቁጥር ቀኝ ጎኗን ያማት እንደነበር፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ወርዳ ሁለት ሱባኤ ጠበል ጠጥታ እንደተፈወሰች፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ነክቷት እንደማያውቅ አንድ ሳታስቀር መሰከረች። ናሁም ተረጎመ። ሴትዮዋ «ሃሌሉያ» አለች፤ ድምፅዋ በእንባ ተያዘ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ መልሱ መጣ። ሕመሟ ወደ ማኅበሩ ከመግባቷ በፊት የነበረ ነው፣ አባሏ ራሷ በቃሏ አረጋግጣለች፣ ስለዚህ ሸክሟን ልንካፈል አንችልም ይላል።

ወርቅውሃ መጀመሪያ አልገባትም ነበር። «የትኛው ሕመም?» አለች።

«የነገርሻት። ጠበሉ።»

«እሱማ ተፈወሰ!»

«እነሱ ደግሞ ‹ነበረ› ነው የሚሉት፣ እቴቴ።»

ያን ጊዜ የአቶ ወልደጻድቅ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «በምስክርነቴ ከሰሱኝ! ሃሌሉያ እያለች ስታለቅስ የነበረችው ሴት ክሴን ነው የምትጽፈው? አባቴ ጥሩምባ ከመንፋቱ በፊት ሟቹ በስንት ዓመቱ ጎኑን እንዳመመው ይጠይቅ ነበር?»

ናሁም ሊያበርዳት ሞከረ። «እድርም እኮ ደንብ አለው።»

«ደንቡ ላልከፈለ ነው! እኔ መቼ ቀረሁ? ተራራ ተሻግሬ የጠየቅሁ ሴት!»

እኔም እንደ እሷ ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬ እስከ ዛሬም አልበረደም። ደንብ ደንብ ነው ይባል፤ ኢንሹራንሱም በደንቡ ይከለክላል። ግን ኢንሹራንስ ቢያንስ «እኅቴ» ብሎ አይጀምርም። ሰውን ለጸሎት አንበርክከህ፣ ለምስጋና አፉን አስከፍተህ፣ ከዚያች ከተከፈተች አፍ የምትይዝበትን ቃል መልቀም ምን የሚሉት ክርስትና ነው? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ያሉት አባቶች ምን ያህል ወድቀው ይሆን?

ይግባኝ ማለት ይቻላል ተባለ። ሦስት ሰዎች ተሰይመው በስልክ ይሰሟታል። በቀጠሮው ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ናሁም እኔንም እንደ ሽማግሌ ጠራኝ። ዴይኬሩ ክፍል ውስጥ፣ በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችን ደርሶ ተቀመጥን። ስልኩ መሐል፣ ሕፃናቱ ቀለም በሚቀቡበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ወርቅውሃ ብቻ ቆማለች፤ መቀመጥ ጎኗን ያማታል። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተነስቶባት ፊቷ ቢጫ ሆኗል።

ከመደወሉ በፊት ናሁም ለመናት።

«እቴቴ፣ ቀላል ነው። ያኔ አላመመኝም በይ። ሁሉም ሰው ጠበል ይጠጣል፣ እኔም ጠጣሁ፣ በቃ። ያለ ሐኪም ወረቀት ምን ሊሉ ይችላሉ? ያልኩት የአፍ ወለምታ ነበር በይ።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል አልሰማህም?»

«ሶ፣ ልትሞቺ ነው ታዲያ?»

«ጋሼ፣ ይሄን ልጅ ስማው» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ወለምታ ይለዋል። ሰንበት ስለቴን አስገብቼ፣ በሕዝብ ፊት እልል ያልኩበትን ወለምታ ይለዋል።»

ምን ልበላት? «ወርቄ፣ ለነፍስሽ ብለሽ ዝም በዪ፤ እሱ ይናገርልሽ» አልኳት።

ስልኩ ተደወለ። ሦስት ወንዶች ናቸው፤ ትሑቶች፣ ድምፃቸው ማር። በጸሎት ከፈቱ። ሰብሳቢው ያኔ ሐኪም አይቷት እንደሆነ ጠየቀ። ናሁም በእንግሊዝኛ «ማንም ሐኪም አላያትም፤ ሕመምም አልነበረም። በእኛ አገር ጠበል ባህል ነው፤ ጤነኛውም ይጠጣል» ብሎ አሳምሮ መለሰ። ከወዲያ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ።

«ይህማ ነገሩን ይለውጠዋል» አለ ሰብሳቢው። «እኅታችን ራሷ ካረጋገጠችልን ውሳኔውን ልናነሳው እንችላለን። እመቤቴ፣ ያኔ አልታመምሽም፣ ከምንም ነገር አልተፈወስሽም፤ ትክክል ነው?»

ናሁም ሊተረጉም አፉን ሲከፍት እጇን አነሳችበት። ጥያቄው ገብቷታል። «የስ በይ» አላት በሹክሹክታ። «አንድ ቃል ናት፣ እቴቴ። የስ።» ዓይኑ እንባ ሞልቷል። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ወርቅውሃ አንድ እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ከሕፃናቱ ጋር በምትናገራት እንግሊዝኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች፣ «ታምሜ ነበር» አለችው። «እግዚአብሔር ፈወሰኝ። ጻፈው።»

«ስለ ታማኝነትሽ እናመሰግናለን» አለ ሰብሳቢው ቀስ ብሎ። «እንግዲህ ውሳኔው እንዳለ ይጸናል። ግን ከመለያየታችን በፊት፣ እኅታችን፣ ለፈውስሽ አብረን ብንጸልይ ደስ ይለናል።»

መልስ ሳይጠብቅ ጀመረ። ናሁም፣ ልማድ ሆኖበት፣ ራሱን ደፋ። እኔም ደፋሁ። በሕይወቴ ይህችን ሴት ጸሎት አቋርጣ ስትሄድ አይቻት አላውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው «አሜን» ሳይባል ነጠላዋን አታጣፋም። ሰውየው «አባት ሆይ፣ ይህችን የተወደደች እኅታችንን በእጅህ ዳስሳት» እያለ ነበር ቀና ያልኩት። ወርቅውሃ ነጠላዋን ከወንበሩ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና፣ እኔንም ናሁምንም ስልኩንም ሳታይ፣ በሩን ከፍታ ወጣች።