ድልድዩ ሲወሰድ ቶሪቢያ የያዘችው መንገድ

የወንድሜ ሚስት ቶሪቢያ ዋልፓ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ድንች ስትልጥ ቆማ ነው። ሰው ሲያወራት አንድ እግሯ ደጃፍ ላይ ነው። እናታችን በሕይወት ሳለች፣ "ይቺ ልጅ ከሥሯ ፍም አለ እንዴ?" ትል ነበር። ወንድሜ ሌዮንሲዮ አግብቷት ወደ መንደራችን ካመጣት ጀምሮ በአንድ አጥር ስለምንኖር፣ የሆነችውን ሁሉ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያላየሁትን ደግሞ እሷው ናት፣ ወዲያ ወዲህ እያለች፣ ቆርጣ ቆርጣ የነገረችኝ።

ሌዮንሲዮ የበቅሎ ሰው ነው። ቾኬኪራው የሚባለውን የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ሊያዩ የሚመጡ ቱሪስቶችን ድንኳንና ስንቅ ጭኖ ገደሉን ወደ አፑሪማክ ወንዝ ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ የማዶውን ዳገት ይወጣና አያቶቻችን የሠሩት ከተማ ሥር ያራግፋል። ዕድሜውን እንዲሁ ሲወርድና ሲወጣ ኖረ። አንድ ክረምት ላይ በቅሎ አንሸራትቷት ስትወድቅ ከሥሯ ገባና ዳሌው ተሰበረ። ከሐኪም ቤት በምርኩዝ ተመለሰ። በእግሩ ገደል መውረድ በዚያው አከተመ።

"በቅሎዎቹን ሽጪያቸው" አላት።

"ለምን ብዬ? እኔ እጭናለሁ።"

"አንቺ ጭነሽ ታውቂያለሽ?"

"አንተ ስትጭን አይቻለሁ። ያን ያህል የሚያስቸግር ነገር አላየሁበትም።"

ሌዮንሲዮ ተቀየማት፤ ግን እዚያው ግቢ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አስተማራት። ጭነቱ ባጋደለ ቁጥር በምርኩዙ እየጠቆመ ይጮህባታል፣ እሷም ትመልስለታለች። መጫኛ ቦታው ላይ ደግሞ ሌሎቹ በቅሎ ነጂዎች፣ ወንዶቹ፣ አላስቀምጥ አሏት።

"ቶሪቢያ፣ አንቺ ነሽ በቅሎዎቹን የምትነጂው ወይስ እነሱ ናቸው አንቺን?"

"ቀድመኸኝ ሂድና ዞረህ እየው። ከኋላ ሆነህ የምታወራው አይሰማኝም።"

ሦስት በቅሎዎች ነበሯት። መሪው ግራጫው ነው፤ ሥራ ስለማይወድ ሌዮንሲዮ "ከንቲባው" ብሎ ስም አውጥቶለታል። እሷ ግን ከሁሉም ከከንቲባው ጋር ተስማማች። ከአንዱ ጉዞ ስትመለስ ለሌላው ትነሣለች። ሌዮንሲዮ ደግሞ አጥር ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሰውየውን ቤት መቀመጥ ከስብራቱ ይበልጥ አመመው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አልቋል ብለን ስናበቃ፣ ሮሙሎ ከሚባል አስጎብኚና ከጥቂት የውጭ አገር ሰዎች ጋር ወጣች። ቾኬኪራው ደርሰው ገና ድንኳን ሳይተክሉ ዶፉ ወረደ። ሰዎቹ ፍርስራሹን በጭጋግ ውስጥ እየዳበሱ አዩና ቶሎ እንመለስ አሉ። ወንዙ ዘንድ ሲወርዱ ድልድዩ የለም። ጎርፉ ጠርጎት ሄዷል። በእኛ በኩል ያሉ ሰዎች የብረት ገመድ ወጥረው የእንጨት ሣጥን አንጠልጥለውበታል፤ ሰው ተኮራምቶ ይገባበትና ከማዶ ይጎትቱታል። ቱሪስቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ተሻገሩ። በቅሎ ግን በሣጥን አይገባም።

"ነይ ግቢ ቶሪቢያ" አላት ሮሙሎ። "በቅሎዎቹን እዚሁ ልቀቂያቸው።"

"ምን ሊበሉ? እዚህ ያለው ቁልቋልና ትንኝ ነው።"

"እሺ ከላይ ዳገቱ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ይጠብቁልሽ፣ ድልድዩ እስኪሠራ።"

"ድልድዩ መቼ ነው የሚሠራው?"

ሮሙሎ የሚንጋጋውን ወንዝ አየ።

"በያናማ በኩል እዞራለሁ" አለችው።

የቀለደች መስሎት ሳቀ። ያናማ ከተራራው ጀርባ ያለ መንደር ነው፤ በዚያ መሄድ ተራራውን በስተጀርባ ዞሮ፣ በሁለት ጫፍ መሐል በረዶ ያለበትን የተራራ አንገት አልፎ፣ ሌላ አገር ደርሶ መመለስ ማለት ነው። "መንገዱን ታውቂዋለሽ?"

"አላውቀውም። እጠይቃለሁ።"

"ማንን ነው የምትጠይቂው፣ አሞራውን?"

"ሰው ካገኘሁ ሰው። ካላገኘሁ ከንቲባውን።"

"ለሌዮንሲዮስ ምን ልበለው?"

"ከበቅሎዎቹ ጋር ናት፣ ትመጣለች በለው። በየት እንደሆነ አትንገረው፣ እንቅልፍ ያጣል።"

ሮሙሎም እንደተባለው ነግሮን ወደ ኩስኮ ከተማ ሄደ። ሌዮንሲዮ ሚስቴ ማዶ ናት ብሎ በነጋታው ምርኩዙን ይዞ ገደሉን መውረድ ጀመረ። ወንዙ ድረስ አይችልም፤ ማዶው ዳገት የሚታይበት አንድ ኩርባ ድረስ ወርዶ፣ ሲያይ ውሎ፣ ሲመሽ እየተጎተተ ይመለሳል። ብለምነውም፣ ብቆጣውም አልሰማኝም። ምግብ ስሰጠው ሁለት ጎርሶ ይነሣል። ከሳምንት በኋላ ከማዶ በሣጥኑ የተሻገረ ሰው፣ "ቶሪቢያ? እኛ ጋ የለችም፣ በዚያው ቀን ነው ወደ ላይ ያለፈችው" አለው። ስልክ ያለበት ቦታ ወጥተን ሮሙሎን በስልክ አገኘነው። እውነቱን ሲነግረው ሌዮንሲዮ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና ግድግዳውን ተደገፈ።

"በያናማ በኩል" አለኝ ሌዮንሲዮ። "በዚህ ዝናብ።"

በማግስቱም ግን ወደዚያው ኩርባ ወረደ። "በዚህ እንደማትመጣ እያወቅህ?" ስለው፣ "ታዲያ የት ልሂድ?" አለኝ።

እሷ ደግሞ፣ ሌዮንሲዮ ኩርባው ላይ መቆም በጀመረ ሰሞን፣ ነጩ ወንዝ ከሚባለው ዳር ነበረች። ከፍርስራሹ ጀርባ ያለውን ጋራ ተሻግራ ቁልቁል ወርዳ ነው የደረሰችው። ውኃው ሞልቶ ድንጋይ እያንከባለለ ነው። ከንቲባው እግሩን አስነክቶ መለሰ፤ ብትገፋው፣ ብትለምነው፣ ብትሰድበው እንቢ አለ። ጭነቱን አራግፋ እዚያው አደረች። ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ውኃው ጎደል አለ፣ ከንቲባውም ሳትነካው ራሱ ገባ። ጭራውን ይዛ ተከተለችው። መሐል ላይ እግሯ መሬት ለቀቀ። "ያኔ ሌዮንሲዮን ረገምኩት" አለችኝ። "ምን አደረገሽ ብትይኝ፣ ምንም። የምረግመው ሌላ ሰው አጣሁ።"

ከዚያ ወዲያ ያለው ሽቅብ ነው፤ በድሮ የማዕድን ቆፋሪዎች መንገድ፣ በገደል ወገብ። የተራራው አንገት ላይ በረዶው እስከ ጉልበቷ ዋጣት። የአንደኛዋ በቅሎ ኮቴ ተሰንጥቆ ደማ፤ የድንኳን ጨርቅ ቀድዳ አሰረችላት። የቆላችው በቆሎ አልቆባት ራብና ድካም የሚያስታግሰውን የኮካ ቅጠል እያኘከች ያናማ ገባች። እዚያ ዶኛ ፕሬዘንታሲዮን የሚሏቸው አሮጊት ከቤታቸው ወጥተው አዩዋት።

"ምን ፍለጋ ነው ልጄ?"

"ቤቴን ነው፣ እማማ።"

"ቤትሽ ወዴት ነው?"

ቶሪቢያ የመጣችበትን ተራራ አሳየቻቸው።

"እንግዲያማ ተሳስተሻል። ጀርባሽን ሰጥተሽዋል።"

"አውቃለሁ።"

አሮጊቷ ኪኑዋ ከሚባል የደጋ እህል የተሠራ ሾርባ አጠጧት፤ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጪ አሏት። በቅሎዋ እስክታገግም ያህል ብቻ ቆየች። ስልክ የለ፣ መንገዱ ተደርምሶ መኪና የለ። አንድ ሌላ ተራራም ተሻግራ አስፋልት ላይ ወጣች። የጭነት መኪናዎቹ ጥሩምባ እያንባረቁባት፣ በቅሎዎቹን በጥግ በጥግ እየሳበች፣ እያደረች ወደ እኛ አገር መገንጠያ ደረሰች።

"ፈርተሽ አልነበር?" ብዬ ጠይቄያታለሁ።

"ፈርቼ ነበር እንጂ። እግሬ ግን ደስ ብሎት ነበር" አለችኝ።

በቆሎ እያሰጣሁ ሳለ ከላይ፣ ከመኪናው መንገድ በኩል ኮቴ ሰማሁ። ቀና ስል እሷ ናት፤ ፊቷ በበረዶ ብርሃን ተቃጥሎ፣ ጫማዋ አፉን ከፍቶ። አቀፍኳት። ወዲያው ከእጄ ወጣች።

"ሌዮንሲዮስ?"

"ገደሉን ወርዷል። አንቺን ሊጠብቅ።"

"በዚያ ዳሌው?"

"በየቀኑ ነው።"

ውኃ እንኳ ሳትጠጣ የከንቲባውን ጭነት አራግፋ ኮርቻ ጫነችበትና ቁልቁለቱን ያዘችው። እኔም ተከተልኳት። ኩርባው ላይ ምርኩዙን ተደግፎ ማዶውን እያየ ቆሟል፣ ጀርባውን ሰጥቶናል። ከታች ወንዙ ስለሚያጓራ ኮቴያችንን አልሰማም።

"ማንን ነው የምትጠብቀው?" አለችው።

"ሚስቴን" አለ ሳይዞር፤ እኔ የላክሁበት ጎረቤት መስሎት።

"በዚያ አትመጣም።"

ዞረ። ምርኩዙን ጥሎ የከንቲባውን አንገት ያዘ፤ ፊቱን ጋማው ውስጥ ከቶ ብዙ ቆየ። እሷም ትከሻውን ያዘችው።

"የተራራው አንገት ላይ በረዶ ነበር?" አላት በመጨረሻ።

"ጉልበቴ ድረስ።"

"እኔ በዚያ ሄጄ አላውቅም" አለ። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ቅናት ነበረበት። ኮርቻው ላይ አውጥተነው እስከ ቤት ድረስ ሲጨቃጨቁ ሄዱ፤ ለምን አላስነገርሽም፣ ለምን በዚህ እግርህ ወረድክ እየተባባሉ።

ድልድዩ ሳይሠራ ብዙ ቆየ። ቾኬኪራውን ማየት የሚፈልግ ሰው ግን አልጠፋም። ሮሙሎ መጥቶ በያናማ በኩል ሰዎች ታደርሺልኛለሽ ወይ አላት። ሳትመልስለት ሌዮንሲዮ ከማዕድ ቤት፣ "እኔም እሄዳለሁ" አለ።

"በምን እግርህ?" አለችው።

"በከንቲባው እግር። እሱ ባይወድም።"

አሁን እሷ ትጭናለች፣ እሱ በበቅሎ ይሄድና ድንኳኖቹ ዘንድ ያበስላል። ሾርባው ጨው ይበዛበታል ይባላል። ድልድዩ ከተሠራ በኋላም በዚያው መንገድ መሄዱን ቀጠሉ። አምና አባንካይ ከተማ ያለችው ልጃቸው፣ አርጅታችኋል፣ ከእኔ ጋር ኑሩ ብላ ወሰደቻቸው። ወር ሳይሞላቸው ተመለሱ። ልጅቷ ደውላ፣ "አክስቴ፣ ምን አጎደልኩባቸው?" አለችኝ።

"ምንም አላጎደልሽም። ከመስኮቱ ተራራ ይታያል፣ ግን አይደረስበትም አለኝ አባትሽ።"

"ታዲያ አሁን የት ናቸው?" አለች።

"በያናማ በኩል ወጥተዋል" አልኳት።