አረፋ የደፈቁት ልጆቼ

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁት የበኩር ልጄን በቀበርኩ በስምንተኛው ቀን፣ ሱብሂ እንደተሰገደ ነው። ቀበሌው የይለፍ ወረቀት የሰጠኝ ውጫሌ አክስቴ ዘንድ ልሰነብት ነው ስላልኩ ነበር። ሐሳቤ ግን ሱዳን ነው። ባሌ ሰይድ ካድሬዎቹ ሲፈልጉት ቀድሞኝ ተሻግሯል፤ ልጁንም አላያትም።

እናንተ እዚያ ሐይቅ ያላችሁት ልጄን ታስታውሷት ይሆናል። ተወልዳ እንዳለቀሰች በአፍና በአፍንጫዋ አረፋ ደፈቀች። ብንጠርግላትም መልሶ ይሞላል። አዋላጇ እትዬ ዘሀራ እንደ ወጉ ለጋ ቅቤ ቢያቀምሷት ታነቀች፤ ጡት ባጎርሳት ፊቷ ጠቆረ። ሦስት ቀን ሙሉ ከደረቷ ውስጥ ውሃ የሚፈላ የሚመስል ድምፅ ይሰማ ነበር። እትዬ ዘሀራ ጆሯቸውን ደረቷ ላይ አድርገው ብዙ አዳመጡና፣ «ይቺ የሐይቁ ናት፤ ውሃው እየጠራት ነው» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ስትሞት፣ ወላሂ፣ ድምፁ ከእሷ በኋላ ትንሽ ቆየ።

ተሻግሬ ሰይድን ካርቱም አገኘሁት፤ ሁለት ዓመት በሙቀት ተቀቀልን፤ ከዚያ ጀርመን ገባን። እዚህ ዓሣው ሳይቀር በረዶ ነው፤ የሐይቅን ትኩስ ዓሣ ለለመደ አፍ እንጨት ነው።

«ስንት ልጅ አለሽ?» አለችኝ የስደተኞች ቢሮ ሠራተኛዋ።

«አንድ፤ ሞታለች።»

«የሞተ የሚሞላበት ቦታ ፎርሙ ላይ የለም። ኑል ብለሽ ጻፊ።»

ኑል ማለት ባዶ ነው። ጻፍኩ።

በዚያው ብርድ ሁለተኛዋ ተወለደች። አለቀሰች፤ ወዲያው አረፋ ደፈቀች። ክው አልኩ። ነርሷ እንዳጠባት ስታቀብለኝ ጡቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

«ሰይድ፣ ንገራቸው! ከጠባች ትሞታለች!»

ሐኪሙ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ ሰደደ። ጥቂት ሄዶ ቆመ። ቢገፋው ተጠማዞ በአፏ ብቅ አለ። መልሰው ከተው ራጅ አነሷት፤ ቱቦው አንገቷ ሥር እንደ እባብ ተጠቅልሎ ይታያል።

«የምግብ ቧንቧዋ ላይኛው ክፍል መውጫ የሌለው ከረጢት ነው» አለ ሐኪሙ፤ ሰይድ ይተረጉምልኛል። «የታችኛው ክፍል ደግሞ ከአየር ቧንቧዋ ጋር ተገናኝቷል። ምራቋ መሄጃ ስላጣ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ደረቷን ከፍተን እንለያያቸዋለን፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች እንሰፋለን።»

«የፊተኛዋም...?»

«ሳይሆን አይቀርም። በአንድ ቤት ሁለቴ ሲደርስ ግን አይቼ አላውቅም።»

ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጣች። በሁለተኛው ሳምንት ጠባች። ወተቱ በጉሮሮዋ ሲወርድ ምንም ድምፅ አልነበረውም፤ ዝምታው ራሱ አስፈራኝ።

እናቴን በቀጠሮ ሐይቅ ቴሌ ቢሮ አስጠራኋት።

«እማ፣ የበኩሬን የገደላት ውሃው አልነበረም። የምግብ መውረጃዋ ተዘግቶ ነው።»

መስመሩ ውስጥ ሽው የሚል ነገር ብቻ ይሰማል።

«እማ?»

«የጎረቤታችን የአሚናት ልጅ ዛሬ ጧት ወለደች» አለች ቀስ ብላ። «ሕፃኑ አረፋ ይደፍቃል። እትዬ ዘሀራ እዚያው ናቸው።»

«ምንም እንዳያቀምሱት! ቀና አድርገው ይያዙት፤ አሁኑኑ ደሴ ሆስፒታል ውሰዱት!»

«ቆይ፣ ልድረስ» አለች። ስልኩን ሳትዘጋው ሮጠች፤ ኮቴዋ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁ። ቆይቶ የቴሌው ሠራተኛ አነሳው።

«ሴትዮዋ ሄደዋል። ጨርሰዋል?»

«አልጨረስኩም» አልኩት።

ዘጋው። ሕፃኑ ተረፈ ወይ ብዬ ለእናቴ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ መልሱን እየጠበቅኩ ነው።