ጋሼ የሞሏቸው ጥይቶች

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ካረፉ ወዲህ፣ ሪችፊልድ ከተማ ያለው ቤታቸው ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ስወርድ፣ እዚያ የተዉትን ጥይት ምን እንደማደርገው ይጠፋኛል። ቆቅ ያድኑበት የነበረው ሾትጋን፣ ፍሬ የሚረጨው ጠብመንጃ፣ በጣም አሮጌ ነው። ሱቅ የሚሸጠው ጥይት ስለሚረዝምበት፣ ቀለሃውን ራሳቸው ቆርጠው አሳጥረው፣ ባሩድና የእርሳስ ፍሬ ሞልተው ይዘጉት ነበር። ከዚያ እያንዳንዱን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ይነቀንቁታል።

«ከተንኳኳ ጎድሏል ማለት ነው፤ ዝም ካለ ሞልቷል» ይሉኝ ነበር።

ጠብመንጃውን ልጃቸው ወሰደው። ጥይቶቹን ግን «አባዬ ራሱ ሌላ ሰው የሞላውን እንዳትተኩስ ይለኝ ነበር» ብሎ ትቷቸው ሄደ። ጥይት የሚሸጠው ሱቅም አልቀበልም አለ። ከቆሻሻ ጋር አይጣል ነገር፣ ባሩድ ነው።

ትናንት አንዱን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ነቀነቅኩት። ዝም አለ። ደግሜ ነቀነቅኩት፤ አሁንም ዝም። መልሼ ቦታው አስቀመጥኩት፤ ሌላ ምን ላድርገው?